ላጤ ማለት ቀበጥ ማለት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ላጤ ኑሮ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው “ላጤነት” የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለአንድ ነገር ብቻ ነው የተጠቀሙበት፤ ለቅብጠት። ላጤ ማለት ደመወዙን በሳምንት የሚበትን፣ ቅዳሜ ሌሊት ቤቱ የማይገኝ፣ ለማንም መልስ የማይሰጥ፣ ዓለሙን ሲቀጭ የሚያድር ሰው ሆኖ ነው የቀረበው። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ላጤ ነኝ። ሥራዬ ነርስነት ነው፣ ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ፣ እንደኔ የሚኖሩ ብዙ ጓደኞችም አሉኝ። ቃሉ የእኛ ስም ነው፤ ስማችንን ደግሞ እንዲህ አታድርጉት።

ብዙ ሰው ላጤ ሲባል ያላገባ ሰው ብሎ ይረዳል። ልክ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እስኪ አስቡት። አባቷ ቤት የምትኖር ያላገባች ልጅ ላጤ ትባላለች? አትባልም። ወንድሟም እናቱ ቤት እየበላ እያደረ ማንም ላጤ አይለውም። ቤት ተከራይቶ የወጣ ቀን ግን፣ በጋብቻው በኩል ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር፣ ላጤ ይሆናል። ሚስቱ ለአራስነት እናቷ ዘንድ የሄደችበት ባልም፣ ቀለበቱ ጣቱ ላይ እያለ፣ “ሰሞኑን ላጤ ነኝ” ይላል፤ ባልደረቦቹም ነገሩ ገብቷቸው እራት ይጋብዙታል። ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች ባልቴት ደግሞ ላጤ ስትባል ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ቃሉ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ቤት ነው። ምድጃውን የሚለኩሰው ማነው፣ ኪራዩን የሚከፍለው ማነው፣ ማታ በሩን ከውስጥ የሚቆልፈው ማነው። ወረዳ ስንሄድ የሚሰጠን “ያላገባ ማስረጃ” ነው፤ ላጤ የሚል ማኅተም የለም፣ ምክንያቱም ላጤነት መዝገብ ላይ የሚሰፍር ነገር አይደለም፣ የአኗኗር ስም ነው።

ታዲያ የአኗኗር ስም የነበረው እንዴት የጠባይ ስም ሆነ? በእኔ አስተያየት ከሥሩ አንድ ግምት አለ። የሚቆጣው የሌለው ሰው ይበላሻል የሚል ግምት። ሰው የሚሰክነው አባት ሲቆጣው፣ ሚስት ስትጠብቀው፣ ባል ሲጠይቃት ነው ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ቤት ከያዘ፣ ያንን ቤት ለምን እንደያዘ የምንገምተው በበጎ አይደለም። “የላጤ ቤት” ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ያልተነጠፈ አልጋ ነው፣ ቀጥሎ የተደረደረ ጠርሙስ፣ ቀጥሎ ደግሞ የምትገባና የምትወጣ ሴት። ኪራይና ማገዶ ማንም አይታየውም።

እኔ የማውቀውን የላጤ ቤት ልንገራችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ውሃው የሚመጣበት ቀን ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ በርሜሌን የምትሞላልኝ ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ከሌለች በጀሪካን እየገዛሁ እጠብቃለሁ። የመብራት ካርድ ካለቀ ሌላ ሄዶ የሚሞላ ሰው ስለሌለ እኔው እስክመጣ ጨለማ ነው። ትዳር ያላቸው ባልደረቦቼ ኪራዩን ለሁለት ይካፈሉታል፣ ላጤ ግን ለማንም አያካፍልም። እቁብ አለብኝ፣ ለእናቴ እልካለሁ፣ የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤት ወጪ እኔ ነኝ የምችለው። ብዙ ላጤ እንዲህ ነው የሚኖረው። “ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ፣ ገንዘቡን ምን ታደርጊበታለሽ?” የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ታዲያ ከራሱ ከቤተሰቡ ነው፣ የሚከተለውም “እስኪ ለዚህኛው ጉዳይ አንቺ ቻይው” የሚል ነው። ላጤ ነጻ ነው እየተባለ የዘመድ ሁሉ ሸክም መጀመሪያ የሚጫነው ላጤው ላይ ነው። ይሄንን ጸሐፊያችሁ አንድም መስመር አልሰጡትም።

ታምሞ ብቻ መተኛትም አለ። እሱን እንኳ ልተወው።

ቃሉ ወንድና ሴት ላይ ሲያርፍም አንድ አይደለም። “ወንደላጤ” ሲባል ሰው ፈገግ ይላል። ያዝንለታል። ቡና ሲፈላ ይጠራል፣ በዓል ሲሆን ድርሻው በሳህን ተሸፍኖ ይላክለታል፣ ሸሚዙ ቢጨማደድ “ምን ያድርግ፣ ወንደላጤ አይደል” ይባላል። “ሴተላጤ” የሚለው ቃል የተሠራው በወንዱ አምሳል ነው፣ በትርጉም ደረጃ እኩያው ነው፣ ሲነገር ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። ለእሷ ሳህን አይላክም፤ እንዲያውም ሰዎች “ምን ጎድሎባት ነው ከቤተሰቧ የወጣችው?” ብለው ይጀምራሉ። ዓመታት ሲያልፉ ወንዱ “ገና አልሰከነም” ይባላል፣ ይሄ ደግሞ መስከን የሚችልበት ጊዜ አለው ማለት ነው። እሷ “ቆሞ ቀር” ትባላለች። በእሱ “ገና”ና በእሷ “ቀር” መካከል ያለውን ርቀት አስተውሉት።

ወንዶቹም ግን አልተረፉም። ወንድሜ ቤት ሲፈልግ ሦስት ቦታ ደላላው “ባለቤቶቹ ወንደላጤ አይወዱም” ብሎታል። ምክንያቱን ሲጠይቅ “ይጠጣሉ፣ ሴት ያመጣሉ፣ ግቢ ይረብሻሉ” ነው። ወንድሜ ከሥራ ወደ ማታ ትምህርት፣ ከማታ ትምህርት ወደ ቤት የሚሄድ ልጅ ነው፣ መጠጥ የሚባል ነገር አይቀምስም። በማያውቁት ሰው ቅብጠት እሱ ተፈረደበት። ቃሉ ባይበላሽ ኖሮ ደላላው “ብቻውን የሚኖር፣ ሠራተኛ ነው” ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰው ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፣ ትንሽም ልቆይበት። “ሴተኛ አዳሪ” የሚለውን ቃል ሁላችንም አንድ ትርጉም ሰጥተን እንናገረዋለን፣ ጋዜጣችሁም እንደዚያው ይጽፈዋል። ቃሉን ግን ፍቱት። አዳሪ ማለት የሚያድር፣ የሚኖር ማለት ነው፤ በውስጡ ስለ ሥጋ ንግድ የሚናገር አንድም ፊደል የለም። የዚህን ቃል ዘመዶች ተመልከቱ። ሠርቶ አዳሪ፣ ለፍቶ አዳሪ፣ ነግዶ አዳሪ። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ በደርግ ዘመን ደግሞ በየሰልፉ የሚጠራው ላብ አደርና ወዝ አደር። ወታደርም ከዚያው ከ“ወጥቶ አደር” መጣ ይባላል። የአማርኛ “አደረ” የክብር ቃል ነው፤ ሰው በምን እንደሚኖር፣ እንጀራውን ከየት እንደሚያመጣ የሚናገር። ማረስ ተጨመረበት፣ ክብር ሆነ። ላብ ተጨመረበት፣ መፈክር ሆነ። ሴት መሆን ሲጨመርበት ግን ስድብ ሆነ። ሴት በራሷ ካደረች የምታድረው በአንድ ነገር ብቻ ነው ብለን ስለደመደምን ነው እንዲህ የሆነው፣ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

በእኛ ሥራ የሌሊት ተረኛነት “አዳር” ይባላል። “ዛሬ አዳር ነኝ” እንላለን፣ “ከአዳር ወጣሁ” እንላለን፣ ሐኪሙም ጥበቃውም ጽዳቷም እንደዚሁ ነው የሚለው። ድሮ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከአዳር ጠዋት ስመለስ አከራዬ ቡና ለሚጠጡት ሰዎች “አዳሯ መጣች” ትላቸው ነበር። ጋወኔ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ሆስፒታል እንደምሠራም ታውቃለች፣ ልጇን ያሳከምኩላት እኔ ነኝ። ግን ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፣ እሷም ሁለተኛውን እየቀመሰች ነበር የምትናገረው። አንድ ቀን “እትዬ፣ እንደዚያ አትበይኝ፣ ደስ አይለኝም” አልኳት። “ምን አልኩሽ ልጄ? አዳር አይደለሽ?” አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? ነኝ። ቃሉ በራሱ እውነት ስለሆነ መልስ ያሳጣል። ከዚያ ግቢ የወጣሁት በዚህ ብቻ አይደለም፣ በር በ3 ሰዓት ይዘጋል የሚል ሕግም ነበራቸውና ከማታ ፈረቃ ስወጣ ውጭ መቆም ሰለቸኝ። ግን ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ቁስል ይሄኛው ነው።

በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩትን ሴቶች ለማዋረድ እንዳልጻፍኩ ይታወቅልኝ። ሌሊት ተጎድተው ሲመጡ የምንቀበላቸው እህቶቻችን ናቸው፤ እኔ እነሱን በምንም አልበልጥም። ግን ኑሯቸውን መጻፍ ካስፈለገ ኑሯቸው በስሙ ይጻፍ። “በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ” ማለት ይቻላል፣ አሁን አሁን ብዙ ቦታ እንዲህ እየተባለ ነው። ያ አጻጻፍ ማንን እንደሚመለከት ግልጽ ነው፤ “ሴተኛ አዳሪ” ግን በራሷ የምታድርን ሴት ሁሉ በአንድ ገመድ ይጎትታል።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። “ጋለሞታ” የሚለውንም ቃል ተመልከቱ። በገጠር የቆየው አነጋገር ጋለሞታ የሚለው ባሏን የፈታችውን ወይም የሞተባትን፣ ባል ሳይኖራት በራሷ ቤት የምትኖረውን ሴት ነው። ስድብ ሳይሆን ሁኔታን መናገሪያ ነበር። የከተማ ሰውና የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ግን ጋለሞታ ሲባል የሚያስታውሰው በመጽሐፈ ኢያሱ የምትገኘውን ረዓብን ነው፣ የተተረጎመውም ለዚያ ነውና። ስለዚህ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ስለ ጎረቤታቸው በቅንነት “ጋለሞታ ናት፣ ብቻዋን ነው የምታርሰው” ቢሉ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ይደነግጣል። እሳቸው ያወሩት ስለ አንዲት ጠንካራ ሴት ነው፣ እሱ የሰማው ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቃል፣ ያው መንገድ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ “ብቻዋን የምትኖር” ነው፣ በኋላ “የረከሰች” ይሆናል። አሁን ሦስተኛው ቃል “ሴተላጤ” እዚያው መንገድ ላይ ነው። እሱን እንኳ ጉዞው ሳያልቅ እንያዘው ነው የምለው።

ብቻ መኖርን የምናከብርበት ቦታ ደግሞ አለ። ባሕታዊ የሚለው ቃል “ባሕቲት” ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፣ ትርጉሙም ብቻ ማለት ነው። መነኩሴ የሚለውም ሥሩ ግሪክኛ ሆኖ እዚያው ብቻ ከሚለው ላይ ያርፋል። በዋሻ ብቻውን ለሚኖር እንሰግዳለን፣ በረከቱን እንለምናለን፤ እኔም እንደዚያው። እንግዲህ አማርኛ ለብቻ ኑሮ ክፉ ሐሳብ ብቻ ያለው ቋንቋ አይደለም። ለእግዚአብሔር ብሎ ብቻውን የሆነ ቅዱስ ይባላል፣ ለሥጋው ብሎ ነው ያልነው ቀበጥ ይባላል። መካከል ላይ ያለነው፣ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ዕድል ስላልገጠመን፣ ወይም እንዲሁ ስለወደድነው ብቻችንን የምንኖረው፣ ማረፊያ ቃል አጥተናል። “ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም” የሚለውን የዘፍጥረት ቃል የሚጠቅሱልኝ አሉ። አልከራከራቸውም፣ ብቸኝነት ከባድ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መልካም አይደለም የተባለው ግን ለሰውየው ታዝኖለት ነው፤ ሊወገዝበት አይደለም።

አንድ ሌላ ቃል ደግሞ አለ፣ “ጎጆ መውጣት”። ውብ ቃል ነው። ግን በእኛ ዘንድ ጎጆ የሚወጣው ሁለት ሆኖ ነው፤ ቤት መያዝና ማግባት አንድ ግሥ ውስጥ ተጣብቀዋል። እማዬ በስልክ “ልጄ፣ ጎጆ የምትወጪው መቼ ነው?” ትለኛለች፣ እኔ የምሰማት ከራሴ ቤት፣ የራሴን ቡና እያፈላሁ ነው። “ወጥቻለሁ እኮ እማዬ” ስላት “እሱማ ቤት ነው” ትለኛለች። ልቧን አውቀዋለሁ፣ የምትናገረው ከፍቅር ነው። ግን የእኔ ኑሮ በእሷ ቋንቋ ገና ያልጀመረ መሆኑ ይሰማኛል። የዕቃ ማስቀመጫ ስገዛ፣ መጋረጃ ስቀይር፣ “ለማን ብለሽ?” የሚሉኝ ሰዎችም የሚናገሩት ከዚያው ነው። ለእነሱ ቤቱ ገና ስላልሆነ ዕቃው ቅብጠት ነው። ያው ዕቃ ያገባች ሴት ቤት ቢገባ “ቤቷን እያሟላች ነው” ይባላል።

ቢሮ ውስጥ ግን አንድ የተሻለ ቃል አለ፣ “እማወራ”። የቤት ኃላፊ የሆነችው ሴት ናት። ገጠር የመሬት ማረጋገጫ ሲሰጥ፣ ቀበሌ ቤተሰብ ሲመዘግብ፣ እማወራ ተብሎ ይጻፋል፣ ከአባወራ እኩል። ብቻዋን የምትኖር ሴትም በዚያ መዝገብ ውስጥ የራሷ ቤት ኃላፊ ናት። ጋዜጣ ላይ ግን ቃሉ የሚወጣው እርዳታ ሲከፋፈል ብቻ ነው፤ እማወራ ስትባል ችግረኛ፣ ሴተላጤ ስትባል ቀበጥ። ሁለቱም አንዲቱን ሴት ነው የሚሉት፣ ቤቷን በራሷ የምታስተዳድረውን።

ሕጉ እኮ ቀድሞናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ የት እንደሚኖሩ የሚወስነውም እሱ ነበር፣ የሴቷም የማግቢያ ዕድሜ 15 ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 አደረገው፣ የሚኖሩበትንም ቦታ አብረው እንዲወስኑ አለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 32 ማንም የሚኖርበትን ቦታ የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ይናገራል፤ ያገባ ያላገባ ብሎ አልለየም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ለሴቶች 30 በመቶ ተለይቶ ሲያዝም ከዚያ ውስጥ ስቱዲዮ የደረሳቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ እኔ ራሴ ጎረቤታቸው ሆኜ አውቃቸዋለሁ፣ ቤታቸውን በስማቸው ይዘው ክፍያውን በየወሩ የሚከፍሉ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ውሉ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በሩን ማለፍ አለ፣ በሩ ላይ የሚጠየቀው ደግሞ “ላጤ ነሽ?” ነው። አዎ ስትል የሰውየው ፊት ሲለወጥ ታየዋለህ፣ ታይዋለሽ። ያ ፊት የሚለወጠው አዋጅ አንብቦ አይደለም። እንደ ባለፈው እትማችሁ ያሉ ጽሑፎችን አንብቦ፣ ሰምቶ፣ አውርቶ ነው።

በዚያው እትም የኪራይ ማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ሌላም ነገር አየሁ። “ራሱን የቻለ መግቢያ ያለው”፣ “ራሱን የቻለ ግቢ”፣ “ራሱን የቻለ ቆጣሪ”። ለቤት ይሄ ምስጋና ነው፣ ዋጋውንም ይጨምራል። ከሥር ደግሞ “ለቤተሰብ ብቻ” ይላል። ራሷን የቻለች ሴት ራሱን የቻለውን ቤት መከራየት አትችልም ማለት ነው። ማስታወቂያውን ያመጣው ባለቤቱ መሆኑን አውቃለሁ፣ እናንተ አትሙ ያላችሁን አተማችሁ። ቢሆንም ቢያንስ “ላጤ አይፈቀድም” የሚለውን መስመር አልቀበልም ማለት ትችላላችሁ። ባለቤቱ የሚፈራው ጩኸት ከሆነ “ጩኸት የማይወድ ግቢ ነው” ብሎ ይጻፍ፤ ያንን ያገባውም ላጤውም አንብቦ ይወስናል።

መቅበጥን የሚናገር ቃል አጥተን ከሆነ ደግሞ አላጣንም፣ አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ቀበጥ አለ፣ ይሄ የሚያውቀውን ወሰን በደስታ የሚያልፍ ነው። ቅምጥል አለ፣ እሱ የቀበጠው ራሱ ሳይሆን ሌሎች አቀማጥለውት ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱም ግማሽ ነው። አባካኝ አለ፣ እሱን የምንወቅሰው በገንዘቡ ነው። ዓለመኛ አለ፣ ዘፈንና ጨዋታ የሚወድ፣ ቃሉ እንኳ ብዙ ክፋት የለውም። ልቅ አለ፣ ይሄኛው ከባድ ነው፣ በስሕተት ሰው ላይ መወርወር የለበትም። “ዘመናይ” የሚለውንም የድሮ ሰዎች ይሉት ነበር፣ ዘመን የሞላለት፣ ተንደላቆ የሚኖር ለማለት፤ ሲቆጡ ደግሞ “ምን ዘመናይ ሆነች!” ይላሉ፣ ሙገሳም ወቀሳም ነው፣ እንደ አነጋገሩ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም ስለ ጋብቻ አይጠይቁም። አባካኝ ባል አለ። ቅምጥል ሚስት አለች። ደመወዙን ቤቱ ሳያደርስ በትኖ ልጆቹን ያስራበ አባወራ ሆስፒታል ተኝቶ አይቻለሁ፣ ማንም “ያገባ ሰው እኮ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ” አላለም። ጸሐፊያችሁ ስለ ቀበጦች መጻፍ ከፈለጉ ይጻፉ፣ መብታቸው ነው፣ ምናልባትም ጥሩ ይጽፉታል። ቀበጥ ብለው ይጻፉ።

መዝናናትም ኃጢአት እንዳይሆንብን እፈራለሁ። በሳምንት አንድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ ብስቅ፣ ለራሴ ጥሩ ጫማ ብገዛ፣ ያ ከድካሜ የወጣ ነው። ላጤ ሲስቅ ቅብጠት፣ ያገባ ሲስቅ ደስታ የሚሆንበትን ሚዛን አልቀበለውም። ሁለቱም ሰዎች ነን፣ ሁለታችንም ደክሞናል።

ሌላ የምለምናችሁ የወንጀል ዜናችሁን ነው። ሴት ስትገደል ወይም ስትደፈር “ተከራይታ ብቻዋን ትኖር የነበረች” የሚል ሐረግ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይገባል። ገዳዩ ብቻውን ይኑር ከቤተሰቡ ጋር አይነገረንም። ይሄ ሐረግ ለምርመራው የሚጠቅም ከሆነ ፖሊስ ይዞት ይቀመጥ፤ አንባቢ ግን ሲያነበው የሚረዳው “እሷስ ለምን ብቻዋን ኖረች” ብሎ ነው። እኛ ሟቿን አጥበን ለቤተሰብ የምናስረክብ ሰዎች ነን። እናት ልጇን ልትረከብ መጥታ፣ ጋዜጣው ላይ ያነበበ ዘመድ ጆሮዋ ሥር “ድሮም ብቻዋን ባትወጣ” ሲላት ሰምቻለሁ። ያንን ዜና የጻፈው ጋዜጠኛ ይሄን ቢሰማ ሐረጉን አይደግመውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እና አዘጋጅ ሆይ፣ ለሴትም ለወንድም “ላጤ” ብላችሁ ጻፉልን፣ አንድ ቃል፣ አንድ ድምፅ፣ ትርጉሙም ብቻውን የሚኖር ይሁን። “ሴተኛ አዳሪ” የሚለውን ተዉትና ሥራውን በስሙ ጥሩት። እማወራንም ከእርዳታ ዜና አውጡና ኮንዶሚኒየሟን ከፍላ ስለጨረሰች ሴት ስትጽፉ ተጠቀሙበት። ደብዳቤዬን ካተማችሁት ደግሞ አንባቢዎቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ በየአካባቢያቸው ብቻዋን ቤት የያዘችን ሴት ያለ ስድብ የሚጠሩበት ቃል ካለ ይላኩት። የጋለሞታን የድሮ ትርጉም እስካሁን የሚናገሩ አዛውንቶች ያሉበት አገር ብዙ ነው፣ ሌላ የማናውቀው ቃልም ይኖራቸው ይሆናል። ጽሑፉን ላዘጋጁት ሰውዬም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፣ መልስ ቢጽፉ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ነርስ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ